ሞድ ላለው ማይንክራፍት ማስጀመሪያ ፕሮግራም እንዴት እንደሚመረጥ

ማይንክራፍትን ያለ ሞድ (በጨዋታው ላይ አዲስ ነገር የሚጨምር ወይም የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል) ለሚጫወት ሰው የጨዋታው አዘጋጅ የሞጃንግ የራሱ ማስጀመሪያ ይበቃዋል። ሞድ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሞጃንግ ማስጀመሪያ እንደተጫነ ከተተወ የሁሉንም የጨዋታ ስሪቶች ሞድ የሚፈልገው ከአንድ ማኅደር ነው። ለ1.20.1 የተሠሩ ሞዶችን አስገብቶ ሲጫወት የቆየ ሰው በማግስቱ የ1.12.2 ጥቅል (አብረው እንዲሠሩ የተሰበሰቡ ሞዶች) ልክፈት ቢል፣ ጨዋታው ወይ የስሕተት መልእክት ያወጣል ወይ ገና ሳይነሳ ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ስሪት የተለየ ማኅደር በእጅ መመደብ ይቻላል፤ ሆኖም ሦስት አራት ጥቅል ያለው ሰው በዚህ መንገድ ብዙ አይዘልቅም። ሌሎች ወገኖች የሠሯቸው ማስጀመሪያዎች የተወደዱት ይህን ችግር ስለሚያቃልሉ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ሞድ፣ የራሱ ቅንብርና የራሱ ዓለም ያለው «ኢንስታንስ» የሚባል ክፍል ይኖረዋል፤ የአንዱ ብልሽት ወደ ሌላው አይሻገርም።

ማስጀመሪያው የአካውንትዎን መግቢያ የሚይዝ፣ በኮምፒውተርዎ ላይም የሌሎች ሰዎችን ኮድ አውርዶ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ምርጫው በመልኩ ማማር ብቻ መወሰን የለበትም።

፩. መጀመሪያ ያለዎትን ጨዋታ ይለዩ

እዚህ የምንነጋገረው በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ስለሚሠራው የጃቫ እትም ብቻ ነው። በስልክና በጨዋታ ኮንሶል ላይ ያለው ቤድሮክ የሚባለው እትም ሌላ ዓለም ነው፤ ከታች የተዘረዘሩት ማስጀመሪያዎች አያገለግሉትም።

ጨዋታው የተገዛበት የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል። ዋጋው ወደ 30 ዶላር ይጠጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ብዙ ወጣቶች «አካውንት አያስፈልግም» ወደሚሉ ማስጀመሪያዎች ያዘነብላሉ። ችግሩ ይገባኛል፤ ቢሆንም አልመክርም። ፈቃድ የሌለውን ጨዋታ በነጻ የሚያድል፣ የምንጭ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ግን ለማንም የማያሳይ ፕሮግራም ወጪውን ከየት እንደሚሸፍን መጠየቅ ተገቢ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት የጨዋታውን የስጦታ ኮድ ገዝቶ እንዲልክልዎ ማድረግ ይሻላል። ኮዱን ከመግዛቱ በፊት በእርስዎ አገር አካውንት ላይ መሥራቱን ያጣራ።

፪. የሚፈልጉት ጥቅል የት እንደሚገኝ ይፈልጉ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ማስጀመሪያ ይመርጥና ከዚያ ጥቅል ፍለጋ ይሄዳል። ተገላቢጦሹ ይሻላል። ሞዶችና የሞድ ጥቅሎች በዋናነት በሁለት ቦታ ይከማቻሉ፤ አንዱ ከ2020 ጀምሮ በኦቨርዎልፍ ኩባንያ ሥር ያለው ከርስፎርጅ ነው፣ ሌላው የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነው ሞድሪንዝ ነው። ኤፍቲቢና ቴክኒክ የሚባሉት መድረኮችም የየራሳቸው ጥቅሎች አሏቸው።

ለምሳሌ አርኤልክራፍት የሚባለውን ጥቅል መጫወት ከፈለጉ መገኛው ከርስፎርጅ ነው፤ የሚሠራውም በ1.12.2 ስሪትና ፎርጅ በሚባለው ሞድ ጫኝ ነው። ጨዋታውን ለማፍጠን የተሰናዳውን ፋቢዩለስሊ ኦፕቲማይዝድ ደግሞ በሞድሪንዝም በከርስፎርጅም ያገኙታል፤ እሱ የሚሠራው በፋብሪክ ነው። ፎርጅ፣ ፋብሪክ፣ ኪዊልትና በ2023 ከፎርጅ የተገነጠለው ኒዮፎርጅ ሞዶችን ከጨዋታው ጋር የሚያገናኙ ጫኞች ናቸው። ለአንዱ የተሠራ ሞድ በሌላው ይሠራል ብለው አይጠብቁ። የጥቅሉን ስም፣ የጨዋታውን ስሪትና የሞድ ጫኙን በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ይቆማል።

ከከርስፎርጅ ጥቅል ጋር የሚመጣ አንድ ጣጣ አለ። የሞዱ ባለቤት ሥራው በሌሎች ማስጀመሪያዎች በኩል እንዳይታደል መከልከል ይችላል። እንዲህ ያለ ሞድ ያለበትን ጥቅል ፕሪዝም ላውንቸር በሚባለው ማስጀመሪያ ሲጭኑ መሀል ላይ ይቆምና የጎደሉትን ፋይሎች ስም ከነአድራሻቸው የያዘ መስኮት ይከፍታል። አድራሻዎቹን በአሳሽዎ ከፍተው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያወርዳሉ። ፕሪዝም የማውረጃ ማኅደሩን ስለሚከታተል እያንዳንዱ ፋይል ሲደርስ ራሱ ያውቀዋል፤ ሁሉም ሲሟሉ መጫኑን ይቀጥላል። ሁለት ሦስት ፋይል ከሆነ ችግር የለውም። ዝርዝሩ ሲረዝም ግን የከርስፎርጅን የራሱን መተግበሪያ መጠቀም ከድካም ያድናል።

፫. ፕሮግራሙ በማን እጅ እንዳለ ያጣሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። በጥቅምት 2022 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ፖሊኤምሲ በሚባለው ማስጀመሪያ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ፕሮጀክቱን በበላይነት የያዘው ሰው አብረውት ይሠሩ የነበሩትን አልሚዎች በድንገት የመግቢያ ሥልጣናቸውን ነጠቃቸው። ተጠቃሚዎች የደነገጡት በጠቡ ብቻ አልነበረም። ማስጀመሪያ ጨዋታውን በምን ፋይሎች እንደሚያስነሳ የሚነግሩትን መረጃዎች ከፕሮጀክቱ አገልጋይ ይቀበላል፤ ስለዚህ አገልጋዩን የያዘው ሰው በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚሄድ የመወሰን አቅም አለው። የተባረሩት አልሚዎች የምንጭ ኮዱ ክፍት ስለነበረ ቅጂውን ይዘው ወጡና ፕሪዝም ላውንቸርን መሠረቱ። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ይህ መውጫ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ይጠይቁ፦ የምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ነው? ከአንድ በላይ ሰው ይሠራበታል? የቅርብ ጊዜ ማሻሻያ አለው? ሦስቱም ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ውስጥ ባለው የፕሮግራሙ ገጽ ላይ ይታያሉ። ፕሮግራሙን የሚያወርዱትም ከዚያው ወይም ከፕሮጀክቱ የራሱ ገጽ ይሁን፤ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሲያዩ እጅዎን ይሰብስቡ።

ቀጥሎ የመግቢያውን መንገድ ይመልከቱ። ጨዋ ማስጀመሪያ የይለፍ ቃልዎን አይጠይቅም። ወደ ማይክሮሶፍት ገጽ ይመራዎታል ወይም አጭር ኮድ ሰጥቶ እዚያ ገጽ ላይ እንዲያስገቡት ያደርጋል። በራሱ መስኮት ውስጥ «የይለፍ ቃል» የሚል ሳጥን ከዘረጋልዎ ዝጉትና ያጥፉት።

ጥሩ ማስጀመሪያ ከመጥፎ ሞድ እንደማያድን ደግሞ ይወቁ። በሰኔ 2023 ፍራክቸራይዘር የተባለ ተንኮል አዘል ኮድ በከርስፎርጅ በተጫኑ ሞዶች ውስጥ ተደብቆ ገብቶ በአሳሾች ውስጥ የተቀመጡ የመግቢያ መረጃዎችንና የማይንክራፍት አካውንቶችን ይሰርቅ ነበር። ትናንት የተለጠፈና ማንም ያልሞከረው ሞድ ላይ አይጣደፉ።

፬. ከጥቂቶቹ አንዱን ይምረጡ

ፕሪዝም ላውንቸር የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ የሞድሪንዝንም የከርስፎርጅንም ጥቅል ከውስጡ ፈልጎ ይጭናል፣ ሲበላሽም ምክንያቱን የሚያሳይ መዝገብ ያቀርባል። በቁልፍና በቅንብር ብዛት ጀማሪን ትንሽ ያስፈራል። የሞድሪንዝ መተግበሪያ ለዓይን ያማረና ቀለል ያለ ነው፤ የሚፈልጉት ሁሉ ሞድሪንዝ ላይ ካለ ይበቃዎታል። የከርስፎርጅ መተግበሪያ ማስታወቂያ ያሳያል፤ በዚያ ለሚገኙ ትልልቅ ጥቅሎች ግን ከእሱ የሚቀል መንገድ የለም። ኤቲላውንቸርም ብዙ ምንጮችን የሚያስተናግድ የቆየ አማራጭ ነው።

በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ፕሪዝም የጨዋታውን መሠረታዊ ፋይሎች በአንድ ቦታ አስቀምጦ ለሁሉም ኢንስታንሶች ያጋራቸዋል። ሁለተኛውን ጥቅል ሲጭኑ እነዚያን እንደገና አያወርድም።

፭. ይጫኑትና በትንሽ ነገር ይፈትኑት

ወደ ትልቁ ጥቅል ከመዝለልዎ በፊት በፕሪዝም «አድ ኢንስታንስ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ስሪቱን 1.20.1፣ ሞድ ጫኙን ፋብሪክ ያድርጉ። ከዚያ «ኤዲት» ውስጥ ገብተው ከሞዶች ገጽ ሶዲየም የሚባለውን የማፍጠኛ ሞድ ያውርዱና ጨዋታውን ያስነሱ። ከተነሳ መግቢያውም ጨዋታውን የሚያስኬደው ጃቫ የሚባለው ፕሮግራምም ደኅና ናቸው ማለት ነው።

ካልተነሳ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የጃቫ ስሪት ነው። እስከ 1.16.5 ያሉት የጨዋታው ስሪቶች ጃቫ 8 ይፈልጋሉ፤ 1.17 በጃቫ 16፣ ከ1.18 እስከ 1.20.4 በጃቫ 17፣ ከ1.20.5 እስከ 1.21.11 በጃቫ 21 ይሠራሉ። አርኤልክራፍትን በጃቫ 21 ለማስነሳት የሚታገል ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢሞክር አይሳካለትም። አዳዲስ የፕሪዝም ስሪቶች ተገቢውን ጃቫ ራሳቸው ያወርዳሉ።

ራምን በተመለከተ 8 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ላይ ለጨዋታው 4 ጊጋባይት መስጠት መነሻ ይሁን። ሁሉንም ልስጠው ማለት አይጠቅምም፤ ዊንዶውስ ራሱ መተንፈሻ ያጣና ጨዋታው ይንቀረፈፋል።

፮. የድሮ ዓለምዎን ያሻግሩ

በድሮው ማስጀመሪያ ማኅደር ውስጥ «ሴቭስ» የሚል ንዑስ ማኅደር አለ፤ እያንዳንዱ ዓለም በውስጡ በስሙ ተቀምጧል። በመጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂውን በሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ የዓለሙን ማኅደር ገልብጠው በአዲሱ ኢንስታንስ «ሴቭስ» ውስጥ ይለጥፉ። የጨዋታው ስሪትና ሞዶቹ ከድሮው ጋር አንድ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይክፈቱት። የጎደለ ሞድ ካለ ጨዋታው የዚያን ሞድ ዕቃዎችና ግንባታዎች ከዓለሙ ሊሰርዛቸው ይችላል፤ ዓለሙ አንዴ ተከፍቶ ከተቀመጠ በኋላ ሞዱን መመለስ የጠፋውን አይመልስም፤ ያኔ የሚያወጣዎት ያስቀመጡት ቅጂ ብቻ ነው።