ተረጭቶም መዥገሩ ካልረገፈ

ከብት ላይ የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት «አልሠራም» ሲባል ብዙ ሰው ሌላ ለመግዛት ይቸኩላል። እኔ ግን መጀመሪያ ሁለት ነገር ይታይ እላለሁ፦ መዥገሩ የታየው መቼ ነው? የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ? ምክንያቱ በአብዛኛው ከእነዚህ ይገኛል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ተጣብቆ ከቆየ

በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ። የሞተ መዥገር አፉ ቆዳ ውስጥ እንደተተከለ ሊንጠለጠል ይችላል። ጥቂቱን ነቅለው ብልቃጥ ውስጥ ያድርጉና እፍ ይበሉበት፤ ሕያው ከሆነ በትንፋሽዎ ተነሳስቶ እግሮቹን ያንቀሳቅሳል።

ሕያው ከሆነ አበጣበጡን ይመርምሩ። በክዳን መገመት ትልቁ ጠንቅ ነው። 12.5 በመቶ የሆነ አሚትራዝ የሚባለው የመዥገር መድኃኒት ለከብት በብዛት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ15 ሊትር መርጫ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በሲሪንጅ ይለኩ፤ የያዙት ጠርሙስ ሌላ መጠን ከጻፈ ጠርሙሱን ይከተሉ። የትናንቱን ብጥብጥ ዛሬ አይጠቀሙ። (አሚትራዝ ፈረስ ላይ አይረጭም፤ አንጀቱን ያደርቅበታል።)

አበጣበጡ ትክክል ከሆነ ለአንድ ከብት የዋለውን ያስሉ። አዋቂ ከብት እስከ ቆዳው እንዲርስ ከ5 እስከ 10 ሊትር ይፈልጋል። በአንድ 15 ሊትር መርጫ ስድስት ከብት ከተረጨ ከጠጉሩ ያለፈ ነገር የለም።

የቀረው ጆሮ፣ ብሽሽትና ጭራ ሥር ብቻ ከሆነ

መድኃኒቱ እዚያ አልደረሰም። ከሆድ ሥር ጀምረው ወደ ላይ፣ ጠጉሩን በተቃራኒው እየገለበጡ ይርጩ፤ ጆሮን፣ ብብትንና የግት ዙሪያን ለየብቻ ያዳርሱ። የደረቀ ጭቃ ካለ አስቀድሞ ይታጠብ። ሊዘንብ ሲል መርጨት ድካም ብቻ ነው።

ረግፎ በሳምንት ከተመለሰ

መድኃኒቱ ሠርቷል፤ አዲሶቹ የመጡት ከግጦሹ ነው። ቦፊለስ የሚባለው ሰማያዊ መዥገር ከእጭነት እስከ ጠገበች እንስት በአንድ ከብት ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ በ21 ቀን ልዩነት መርጨት ለእሱ ይስማማል። አምብሊዮማ የሚባለው ሌላ መዥገር ግን በሕይወቱ ሦስት እንስሳት ላይ ይወጣል፤ አንዱ ላይ የሚቆየው ለቀናት ነው፣ ቀሪ ዕድሜውን ሣር ውስጥ ያሳልፋል። ስለዚህ መዥገር በሚበዛበት ወቅት የጠርሙሱ ጽሑፍ በሚፈቅደው መጠን በርጭቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ያሳጥሩት። የጠገበች እንስት አንዴ ከወደቀች በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለችና መንጋው ሁሉ በአንድ ቀን ይረጭ፤ አዲስ የገባ ከብት ሳይረጭ አይቀላቀል። ግጦሽን ማሳረፍ ይረዳል፣ ግን እጮቹ ሳይበሉ ወራት ስለሚቆዩ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ዋጋ የለውም።

ሁሉም ተስተካክሎ መላ አካሉ ላይ ሕያው መዥገር ካለ

መድኃኒቱን የተለማመደ ዘር መኖሩን አሁን ይጠርጥሩ። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ከብቱንና ረጪውን ይመርዛል፤ የሚተርፈውም የባሰ የተለማመደው ነው። ከሳይፐርሜትሪን ወደ ዴልታሜትሪን መሄድም ለውጥ አይደለም፣ ሁለቱም ፓይሬትሮይድ ከሚባለው አንድ የመድኃኒት ቤተሰብ ናቸውና። የሚቀየረው ቤተሰቡ ነው፤ ለምሳሌ ወደ አሚትራዝ፣ ወይም ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ቤተሰብ ወደሆነው ዲያዚኖን።

በግምት ከመቀየር ግን ማስመርመር ይሻላል። የጠገቡ እንስቶችን ከተለያዩ ከብቶች ይልቀሙ፤ አልኮል ውስጥ ሳይከቱ፣ አየር በሚያስገባ ዕቃ በሕይወት ወደ እንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላኩ። ባለሙያዎቹ እንስቶቹን በመድኃኒቱ ነክረው እንቁላል መጣላቸውን ይከታተላሉ፤ ወይም የተፈለፈሉትን እጮች መድኃኒት በተቀባ ወረቀት አሽገው ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱትን ይቆጥራሉ። የወረቀቱን ዘዴ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ይመክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአውስትራሊያና በኩባ ሥራ ላይ የዋለው ክትባትም አለ፤ የሚያነጣጥረው በዋነኛነት ቦፊለስ ላይ ሲሆን ወዲያው አያረግፍም፣ የእንስቶቹን እንቁላል ይቀንሳል።

መዥገሩ ረግፎ ከብቱ ከታመመ

ትኩሳትና ቀይ ሽንት የባቤዚያ፣ የነጣ ወይም ቢጫ ያዘለ ድድ ደግሞ የአናፕላዝማ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም በሽታዎች ናቸው። ጥገኛው ደም ውስጥ ገብቷልና ርጭት አያድነውም። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ከጆሮ ጫፍ የደም ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ፣ ከሕክምና በኋላ ጥገኛውን በማይክሮስኮፕ ማግኘት ይከብዳልና።