ሀገር ቤት ለወንድማችሁ የስራ መኪና ስትገዙ ኢንሹራንሱን እንዲህ አስጨርሱ

ዲሲም እንሁን ዱባይ ወይ ቴላቪቭ፣ ብዙዎቻችን ለታናሽ ወንድም ወይ ለእህት ልጅ ሰርቶ ይብላ ብለን ትንሽ የጭነት መኪና እንገዛለን። ልጁ 19 ወይ 20 አመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወራት ነው፣ ሊብሬው ደግሞ በኛ ስም ነው። ስለ ኢንሹራንስ ሲነሳ ግን "ሶስተኛ ወገን ገብቶለታል፣ ቦሎም ተለጥፏል" ከምትለው አናልፍም፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚያደርገው ባለቤቱን ነው፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ማለትም እናንተ እዚህ ስራ ላይ ሆናችሁ ልጁ ሻሸመኔ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ ካሳው የሚጠየቀው ሊብሬ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ሶስተኛ ወገን፣ ማለትም መኪናው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው መድን፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ግን የሚከፍለው በተወሰነለት ጣሪያ ልክ ብቻ ነው፣ ከዛ የተረፈው ከኪስ ነው። የራሳችሁን መኪናም አይጠግንም። ስለዚ ገንዘቡ ካላችሁ ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ፣ ለሹፌሩና ለረዳቱም የአካል ጉዳት ሽፋን ለብቻ ጠይቁ፣ ራሱ ልጁ እግሩ ቢሰበር ማን ያሳክመዋል?

አሜሪካ ላይ ዋጋ የሚያወጡት የሹፌሩን እድሜና ታሪክ አይተው ስለሆነ ወጣት ሲገባ ወዲያው ይወደዳል። ሀገር ቤት ዋጋው በዋናነት የሚወጣው ከመኪናው ግምትና ከሚሰራው ስራ ነው፣ ስለዚ የልጁ እድሜ ስትከፍሉ ላይታያችሁ ይችላል፤ የሚታየው አደጋ ሲደርስ ነው፣ ተቀናሹ ላይ፣ ኤክሰስ የሚሉት፣ ከጉዳቱ ላይ ከራሳችሁ ኪስ የምትሸፍኑት ማለት ነው። ብዙ ፖሊሲ ላይ ሹፌሩ ወጣት ወይ ልምዱ አጭር ከሆነ ተጨማሪ ተቀናሽ አለ። ኢንሹራንስ ድርጅቱ ጋ ደውሉና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "የሚነዳው 20 አመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አምስት ወሩ ነው፣ በሱ እጅ ብትጋጭ ተቀናሹ ስንት ነው? የትኛው ገጽ ላይ ነው የተጻፈው?" ከዛ ያንን ገጽ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ፣ ማህተም ያለበትን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እንዳትቀበሉ። እና እባካችሁ ተቀናሽ እንዳይጨምር ብላችሁ "የሚነዳው ትልቁ ወንድሜ ነው" አታስብሉ፣ ክፍያ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመረመረው የነዳው ማነው የሚለው ነው።

የስራው አይነትም እንደዛው። ኮድ 2 (የግል ሰሌዳ) መኪና በኪራይ እቃ ሲያመላልስ ከተጋጨ ድርጅቱ አልከፍልም የሚልበት ምክንያት ሰጣችሁት ማለት ነው፣ ለንግድ ከሆነ ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ) ይሁን ፖሊሲውም ንግድ ይበል። የመንጃ ፈቃዱ ምድብ ለዛች መኪና የሚሆን መሆኑን እዩ፣ ከልክ በላይ መጫንም ነገር ያበላሻል።

አሁን ብዙ ሰው እየጎዳ ያለው ግን ግምቱ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሬው ገበያ መር ከሆነ ወዲህ ብር ወርዶ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ንሯል፣ ፖሊሲው ግን በድሮው ዋጋ ዝም ብሎ እየታደሰ ነው። ለምሳሌ 1,200,000 ብር የምታወጣ መኪና በ600,000 ብር ግምት ከተመዘገበች በግማሽ ነው የተሸፈነችው፣ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ ልታገኙ የምትችሉት 100,000 ብር ነው፣ ከሱም ላይ ተቀናሽ አለ። ስለዚ በየአመቱ ስታሳድሱ የወቅቱን የገበያ ዋጋ አስጠይቁና አስተካክሉ። ብሩን ደግሞ ቀደም አድርጋችሁ ላኩ፣ ፕሪሚየም (የመድኑ ክፍያ) ሳይከፈል ሽፋን የለም፣ ባንክ ተዘግቶ ነበር ምናምን ብትሉ አይሰማም።

ውክልናውስ? ጠቅላላ ውክልና ብቻ ሰጥታችሁ ከሆነ ለማስተዳደር ነው የሚጠቅመው፣ ለመታረቅና ለመክሰስ በህጉ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚ ኤምባሲ ስትሄዱ "የመድን ውል እንዲዋዋል፣ እንዲያሳድስ፣ ካሳ ተደራድሮ እንዲቀበል፣ እንዲከስና መልስ እንዲሰጥ" የሚል በግልጽ አስጽፉ፣ ከዛ ሀገር ቤት ውጭ ጉዳይ እና ውልና ማስረጃ ያስጨርሱታል። ተወካዩ ልጁ ራሱ ባይሆን እመርጣለሁ፣ አደጋ ደርሶ ልጁ ፖሊስ ጣቢያ ከሆነ ማን ይሯሯጣል? እናታችሁ ወይ የምታምኑት ታላቅ ሰው ይሁን።

ለልጁም አንድ ወረቀት ጻፉለትና ጋቢና ውስጥ ይለጥፈው፦ ከተጋጨህ የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ትራፊክ ፖሊስ ጥራ፣ መኪናዋን ሳታነሳ ፎቶ አንሳ፣ መንገድ ላይ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍልሃለሁ" ብለህ አትስማማ፣ ለኢንሹራንሱ በዛው ቀን ደውል፣ ሳያዩዋት ጋራዥ አታስገባ። ከስሩ የድርጅቱን ስልክና የፖሊሲ ቁጥሩን ጨምሩበት።