ለቤት አረቄ የትኛውን እርሾ ልምረጥ?

እርሾ ሊገዛ የሄደ ሰው ፓኬቱ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ስንት ፐርሰንት አልኮል ድረስ እንደሚሄድ ነው። 14 የሚልና 20 የሚል ጎን ለጎን ከተቀመጡ እጁ ወደ 20ው ይሄዳል። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ለወይን ጠጅ ቢሆን ቁጥሩ ትርጉም አለው፣ እንደተብላላ ነው የሚጠጣው። አረቄ ግን ማንጠሪያ ውስጥ ያልፋል። አልኮሉን የሚያጠነክረው ማንጠሪያው ነው፣ እርሾው እዛ ድረስ መልፋት የለበትም። ከእርሾው የምንፈልገው ንጹህ ጥንስስ ነው፣ ምክንያቱም እርሾ ያመጣው መጥፎ ጠረን ከአልኮሉ ጋር ተነስቶ አብሮ ይወጣል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ቤት ውስጥ ያለፈቃድ አረቄ ማውጣት በብዙ አገር ክልክል ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለግል ፍጆታ ፈቅዳለች፣ እንደሷ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው። የምትኖሩበትን አገር ህግ አረጋግጡ።

የኔ የመጀመሪያ እርሾ ቱርቦ የሚባለው ነበር። እርሾውና ምግቡ አንድ ላይ ታሽጎ ይመጣል፣ ውሃና ስኳር ላይ መበተን ብቻ ነው። 8 ኪሎ ስኳር ለ25 ሊትር ይላል፣ አደረግኩ። ክፍሉ ሞቃት ነበር። በሁለተኛው ቀን በርሜሉን በእጄ ስነካው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ያቃጥላል፣ ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነጠርኩት፣ ሽታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ያን ሁሉ ስኳርና ያን ሁሉ ቀን በጣም ነው ያዘንኩበት።

የሆነው ይሄ ነው። እርሾ ስኳር ሲበላ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ስለዚህ የበርሜሉ ውስጥ ከክፍሉ በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በዛ ላይ ስኳሩ ሲበዛ እርሾው ውሃውን ይነጠቃል፣ ራሱን ለማዳን ሲታገል የኮምጣጤ አሲድ በብዛት ያመርታል፣ አሲዱ ከአልኮሉ ጋር ሲገናኝ ኤቲል አሲቴት ይሆናል። ያ የሸተተኝ እሱ ነው። ቱርቦ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስኳሩን ቀንሶ የሚጠቀም ሰው ደህና ነገር ያገኝበታል። ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ጥንስስ ውስጥ 17 ግራም ስኳር ወደ 1 ፐርሰንት አልኮል ይሰጣል። ለ20 ሊትር 10 ፐርሰንት ከፈለጋችሁ 3.4 ኪሎ ስኳር ይበቃል። እዚህ ላይ ማቆም ነው የኔ ምክር። 10 ፐርሰንት የደረሰ ንጹህ ጥንስስ 18 ከደረሰና ከተንገላታ ጥንስስ የተሻለ አረቄ ይወጣዋል። 10 ፐርሰንት ደግሞ አብዛኛው ጤነኛ እርሾ ያለችግር ይደርስበታል። ስለዚህ የፓኬቱን ቁጥር እርሱትና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የማብላላው ምንድነው? ክፍሌስ ስንት ዲግሪ ነው?

ተራ ስኳር ከሆነ የዳቦ እርሾ ይበቃችኋል። ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን እስካሁን ለስኳር እሱን ነው የምጠቀመው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ደስ ይለዋል፣ ቶሎ ይነሳል፣ ርካሽ ነው። አረፋው ግን ብዙ ስለሆነ በርሜሉን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲጨርስም ከስር ለመርጋት ይዘገያል። የስኳር ዋናው ጣጣ ስኳር ብቻ መሆኑ ነው፤ ናይትሮጅን የለው፣ ቫይታሚን የለው፣ ማዕድን የለው። በዛ ላይ እርሾው ስኳሩን እየበላ ሲሄድ ጥንስሱ በጣም ይኮመጥጣል፣ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፣ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ3.5 በታች ሲወርድ ስራውን እያዘገመ መሀል ላይ ቆሞ ሊቀርም ይችላል። ለምግቡ ለእርሾ ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ፣ ወይም ሁለት ሶስት ማንኪያ የዳቦ እርሾ በውሃ አፍልታችሁ ጨምሩ፣ የሞተው ለሚኖረው ምግብ ይሆናል። ለኮምጣጣነቱ ታጥቦ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ያግዛል። የእርሻ ዩሪያ ግን በፍጹም አታድርጉ። ለምግብ የተሰራ አይደለም፣ ከአልኮል ጋር ደግሞ ኤቲል ካርባሜት የሚባል በካንሰር የሚጠረጠር ነገር ይፈጥራል።

እህል ሲሆን ነገሩ ይለያል። እርሾ ስታርች አይበላም። መጀመሪያ ስታርቹ ወደ ስኳር መቀየር አለበት፣ ይሄን የሚያደርገው ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው፤ ከ63 እስከ 67 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት። ኢንዛይሙ አብሮ የተቀላቀለበት እርሾም ይሸጣል፣ እሱ እህሉን በቀጥታ ያብላላል ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ካልሆነ ለውስኪ የተዘጋጀ እርሾ ወይም ኤል ለሚባለው የቢራ ዓይነት የሚሆነውን እርሾ ውሰዱ። እዚህ ላይ ዝርያው ጣዕሙን በደንብ ይቀይረዋል። ፎር ሮዝስ የተባለው የአሜሪካ ቡርቦን አምራች በ2 የእህል ቅልቅልና በ5 የእርሾ ዝርያ ብቻ 10 የተለያየ ውስኪ ያወጣል፤ አንዱ የፍራፍሬ፣ ሌላው የአበባ፣ ሌላው የቅመም ጠረን ያመጣል። እህሉ ያው፣ እርሾው ብቻ ሌላ። እርሾ ለውጥ አያመጣም ለሚላችሁ ሰው ይሄን ንገሩት።

ፍራፍሬ ከሆነ የወይን እርሾ። ኢሲ 1118 በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው ነው፣ ከሻምፓኝ የተገኘ ዝርያ ነው፣ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ይሰራል፣ ብዙ ምግብ አይጠይቅም፣ ከሌላ እርሾ ጋር ሲፎካከር ያሸንፋል። ጣዕም አይጨምርም፣ የፍሬውን ጠረን ለሚፈልግ ሰው ይሄ ጥሩ ነው። ሜታኖል የሚባለውን መርዛማ አልኮል በተመለከተ ግን አትሳሳቱ፣ የሚመጣው ፍሬውን አያይዞ ከሚይዘው ፔክቲን ነው፣ እርሾ በመቀየር አታስወግዱትም። የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋትም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም፣ ከአልኮሉ ጋር ተቀላቅሎ እስከ መጨረሻው ይመጣል። ስለዚህ ፔክቲኑ የሚበዛበትን ልጣጭና ጭማቂው የወጣለትን ገለባ አታብላሉ።

ለሞላሰስ የዳቦ እርሾም የሩም እርሾም ይሆናል። የድሮውን የሩም ጠረን የሚወዱ ሰዎች ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ የሚባለውን ቀርፋፋ እርሾ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1893 ከምስራቅ አፍሪካ የማሽላ ቢራ ውስጥ ተለይቶ የታወቀ ነው፣ ፖምቤ ማለትም በስዋሂሊ ቢራ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አይደለም።

አሁን ክፍላችሁ። ቴርሞሜትር በርሜሉ ላይ ለጥፉ፣ ግድግዳው ላይ አይደለም። ከ20 እስከ 28 ከሆነ ከላይ ያልኳችሁ ሁሉ ይሰራል። ከ30 በላይ የሚሄድ ክፍል ያለው ሰው የኖርዌይ ገበሬዎችን እርሾ ክቫይክን ይሞክር፤ ሌላው እርሾ በሚንገላታበት ሙቀት፣ እስከ 38 ድረስ፣ ንጹህ ሆኖ ይሰራል። እኔ ክረምት ከበጋ እርሾ ስቀይር ነው እፎይ ያልኩት። በረዶ ተሸክሞ በርሜል ማቀዝቀዝ ያሰለቻል።

የትኛውንም ብትመርጡ እንዲሁ ደረቁን አትበትኑት። በክብደቱ አስር እጥፍ ውሃ፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ፣ የእጅ አንጓችሁ ላይ ስታንጠባጥቡት ለብ የሚል። እርሾውን ከላይ ነስንሱት፣ አትንኩት። አምስት ደቂቃ ላይ እየራሰ ይሰምጣል። አስራ አምስት ላይ ስታማስሉት ወፍራም ክሬም መስሎ የትኩስ ዳቦ ጠረን መምጣት አለበት። ጥቂት ስኳር ጣል ስታደርጉበት ካልተነፋ እርሾው ሞቷል፣ ጣሉት። ወደ ጥንስሱ ስትጨምሩት በሁለቱ መሀል የሙቀት ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ አይብለጥ። ከመጨመራችሁ በፊት ጥንስሱን በደንብ አማስሉ፣ እርሾ ለመራባት መጀመሪያ ላይ ኦክስጅን ይፈልጋል። ከዛ በኋላ ክደኑት፣ አየር አታስገቡበት። ክዳኑ ላይ ግን ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር።

አረፋው ሲቆም አለቀ ብላችሁ አትቸኩሉ፣ የፈሳሽ ጥግግት በሚለካው ሃይድሮሜትር ለኩ። የስኳር ጥንስስ ወደ 0.990 ሲወርድና ሁለት ቀን እዛው ሲቆይ ነው ያለቀው። ከዛ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ሶስት አራት ቀን አስቀምጡት፣ እርሾው ከስር ይረጋል። ወደ ማንጠሪያው ስትገለብጡ ከስር ሁለት ጣት የሚያህለውን አተላ ተዉት። እርሾ ድስቱ ስር ሲያርር የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ጠረን አረቄው ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ከገባ ደግሞ አይለቅም።