ሦስት ጊዜ የተጠገነ ጣራ ለምን ያፈሳል? ጎንደር ውስጥ ቤት ለሚያስጠግን ሰው

አምና ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ተነስቼ ሳሎን መሀል ሳፋ አስቀመጥኩ። ጣራው በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ተጠግኖ ነበር። የመጡት ልጆች ሁሉ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ አይተው፣ ልክ ከላዩ ሬንጅ ቀብተው፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄደዋል።

አራተኛው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ አናጢ ናቸው። መሰላል ከመጠየቃቸው በፊት ኮርኒሱን በአንድ በኩል አስከፍተው በባትሪ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ጠሩኝና «እትዬ፣ ውሃው የሚወርደው እዚህ ነው፤ የሚገባው ግን እዚያ ማዶ ነው» አሉኝ። ሞራሌው ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። ውሃው ሁለት ሜትር ያህል ላይ ገብቶ፣ እንጨቱን ይዞ ወርዶ፣ ሳሎኔ ላይ ይንጠባጠባል። ሦስቱም ጥገና ያረፈው ጤነኛ ቆርቆሮ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት «ምክንያቱን አሳየኝ» እላለሁ። ማሳየት ለማይችል ሰው ቀብድ አልሰጥም። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔና ጎረቤቶቼ ደጋግሞ የገጠመንን ነው።

ጣራው ተጠግኖም ያፈሳል

መጀመሪያ ሚስማሩን እዩ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ አይደለም። የእኔ ቤት ላይ ግማሹ ቦዩ ውስጥ ነው የተመታው። አናጢው አንዱን ነቅለው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ከቆቡ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ፣ በጣት ነካ ሳደርገው እንደ ገለባ ብትን አለ። ቀዳዳው ዙሪያውን ዝጎ ከሚስማሩ ሰፍቷል።

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋ ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ ሌሊት ብርዱ ያኮማትረዋል። ይህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩ ይላላል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ሬንጁም ይፈረካከሳል። ለዚህ ነው ሬንጅ አንድ ክረምት አሻግሮ በሁለተኛው የሚከዳው።

መፍትሄው የላላውን ነቅሎ ጎማ ባለው አዲስ ሚስማር በጉብታው ላይ መምታት ነው። ቦዩ ውስጥ ብዙ ቀዳዳ ያለበት ወይም የዛገ ቆርቆሮ ይቀየር። ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ ባለ 28ቱ ከባለ 35ቱ ይጠነክራል። የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲም ይደረብ፤ ጣራው ተዳፋቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ 20።

ሥራው ሲያልቅ ዝናብ አትጠብቁ። አንድ ሰው በጀሪካን ውሃ ይዞ ጣራ ላይ ይውጣ። ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ እየሄደ ያፍስስ፣ እናንተ ከውስጥ በባትሪ እዩ። ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ የትኛው ቦታ እንደሚያስገባ አይለይም። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ በኋላ ይሁን።

ጊዜው ደግሞ ግንቦት ነው። ሰኔ ከገባ ጣራ የሚሠራ ሰው ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ቢገኝም እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሰው አታስወጡ።

የጭቃው ቤት ልስን እየተገመሰ ይወድቃል

ይህ ውስጤን የሚያቃጥለኝ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጥሩ ቤት ሲበላሽ አይቻለሁ። ባለሙያው መጥቶ «በሲሚንቶ እንለስነው፣ ዘላለም ይኖራል» ይላል። ግን ጭቃና እንጨት እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ያወጣል፣ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል። ሲሚንቶ ደረቅ ቅርፊት ነው። አብሮ አይነቃነቅም፣ እርጥበቱንም ያፍነዋል። ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል። ልስኑ ሲወድቅ ጭቃውንም ይዞት ይመጣል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፋሲል ግንብ የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግኖ ነበር። ኋላ እድሳት ሲደረግለት ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተካ።

ምርጊት የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቡካ። አሮጌው ግድግዳ ውሃ ይረጭበት፣ ከዚያ በስሱ፣ ደረብ ደረብ እየተደረገ ይመረግ። ከላይ ኖራ ይቀባ። ሥሩ ሁልጊዜ የሚረጥብ ከሆነ ግን ምርጊት ብቻውን አያድነውም፤ አሸንዳ ማሠራትና የግቢውን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ይቀድማል።

አዲሱ ሊሾ በሳምንቱ ተሰነጠቀ

ሲሚንቶው መጥፎ ነው ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ከረጢቱ ውስጥ በጣት የማይፈርስ ጓል ካለ እርጥበት ገብቶታል፣ መልሱት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ውሃ አለመጠጣቱ ነው። በበጋ ፀሐይና ንፋስ ላዩ በሰዓታት ይደርቃል፣ ውስጡ ገና አልጠነከረም። ቢያንስ 7 ቀን መርጠብ አለበት፤ ጆንያ አልብሶ ጠዋትና ማታ ማጠጣት ነው። ይህን ማን እንደሚያደርግ ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ባለሙያው ባለቤቱ ያጠጣል ብሎ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ሥራው አልቋል ብሎ ይተኛል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣባችሁ ደግሞ፣ በርሜሉ ሳይሞላ ሊሾ አታስጀምሩ።

እንጀራ ሲጋገር ሶኬቱ ይሸታል

ምጣዱን ወዲያው ንቀሉ። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። ለቴሌቪዥንና ለስልክ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ብሎን ትንሽ ከላላ ደግሞ እዚያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

አዲስ ሶኬት መግጠም ብቻውን መፍትሄ አይሆንም። ምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን ጀምሮ የራሱ መስመር ይኑረው፦ 4 ሚሊ ካሬ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር፣ እና ኧርዝ (የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ)። ምጣዱ ሲነካ የሚቆነጥጥ ከሆነ ኧርዙ የለም ወይም ተቆርጧል፤ ጫማ አድርጎ መጋገር መፍትሄ አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚወርድ «ትልቅ ልግጠምልሽ» የሚል ሰው ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል የሚጠብቅ ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ከተለቀ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

ሮቶው ሞልቶ ሻወሩ ይንጠባጠባል

ከፍታ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። ሮቶው ከሻወሩ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ፓምፕ ካልገባ አይሆንም። ማማውን ከፍ ለማድረግ ካሰባችሁ ባለ 1,000 ሊትሩ ሲሞላ አንድ ቶን እንደሚመዝን አትርሱ፤ የባህር ዛፍ አጣና አያምኑትም። በፊት ደህና ከነበረና አሁን ከደከመ ግን የሻወሩን ራስ ፈትታችሁ እጠቡት፣ ደለል ይሆናል።

ባለሙያው ጀምሮ ጠፋ

ቀብዱ በዝቶ ነው፣ ወይም ሌላ ሥራ ደርቦ ነው፣ ወይም በዓል ነው። ጎንደር ላይ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም መዶሻ የማያነሳ ብዙ ነው። ያን ማክበር ነው እንጂ መጣላት አያስፈልግም፤ ቀን ስትቆርጡ ካሌንደሩን አብራችሁ እዩ። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ከተማው ሁሉ ቀለም ስለሚቀባ ቀቢ ለማግኘት ኅዳር ላይ ተነጋገሩ።

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። የእጅ ዋጋውን በቁርጥ ተነጋገሩና ከፋፍላችሁ ሥራው በደረሰበት ልክ ስጡ። ቀብድ የመጀመሪያውን ቀን ድካም ይሸፍን፣ ከዚያ አይለፍ። ምን እንደሚሠራ በአንድ ወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ወረቀቱን ሳወጣ የተቀየመኝ ባለሙያ እስካሁን የለም። ሽማግሌው አናጢ እንዲያውም «ጻፊው፣ እኔም እንዳልረሳው» ብለውኛል።

ሱቁንም ያልተነካ ዕቃ ይመልስ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ጋ ከሊሾው የተረፉ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ክረምቱን እርጥብ ወለል ላይ ከርመው ድንጋይ ሆነዋል።