ድሩሱስ ዲስኮሎርን ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሩሱስ ዲስኮሎር ከፒሬኒስ እስከ ባልካን ባሉ የአውሮፓ ተራሮች፣ በቀዝቃዛና ፈጣን ጅረቶች ውስጥ የሚያድግ ካዲስ ዝንብ (እጩ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ አዋቂው የሚበር የነፍሳት ዓይነት) ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእጭነቱ ስለሆነ ስህተቱም የሚበዛው እዚያው ላይ ነው።

በቤቱ ብቻ መፍረድ። እጩ የአሸዋ ቅንጣቶችን በሐር አያይዞ፣ ወደ ኋላ የሚጠብና ጎበጥ ያለ ቱቦ ይሠራል። እንዲህ ያለ ቤት የሚሠሩ ግን ሌሎችም ብዙ ናቸው። እጩን ቀስ ብለው ያውጡትና ደረቱን ከላይ ይዩት። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል ጀርባ በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ፣ በሦስተኛው ላይ ትንንሽ ቁርጥራጭ ቅርፊቶች ብቻ ካሉ፣ የመጀመሪያው የሆድ ክፍልም ከላይና ከጎን እብጠት ካለው፣ ድሩሱስ በሚመደብበት ሊምኔፊሊዴ ቤተሰብ ውስጥ ነዎት። ከዚህ በፊት የዝርያ ስም ማንሳት ችኮላ ነው።

የጭንቅላቱን ጸጉር እንደ ቆሻሻ መፈግፈግ። የዚህ እጭ ራስ ጥቅጥቅ ባለ ሱፍ መሰል ጸጉር ተሸፍኗል። ጸጉሩ ደለል ስለሚይዝ የቆሸሸ ይመስላል፤ በብሩሽ ጠንከር ብለው ካሹት ዋናውን ምልክት ያጠፉታል። በንጹሕ ውኃ ብቻ አለቅልቀው፣ ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ በማይክሮስኮፕ ይመልከቱት። ጸጉር ያላቸው ዘመዶች ስላሉት ይህ ብቻውን አይበቃም።

አመጋገቡን በዘመዶቹ መገመት። ብዙዎቹ የድሩሱስ ዝርያዎች ከድንጋይ ላይ አልጌ ስለሚፍቁ የመንጋጋቸው ጠርዝ ጥርስ የለውም። የዲስኮሎር መንጋጋ ግን ጥርሳም ነው፤ እግሮቹም ረጃጅም ጸጉር አላቸው። ኃይለኛ ወራጅ ውኃ በሚመታው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እግሮቹን ይዘረጋል፣ ውኃው የሚያመጣለትን ትንንሽ እንስሳት ይይዛል። ጸጥ ባለው ዳር፣ ቅጠል በተከማቸበት እየፈለጉ «እዚህ የለም» ማለት ስለዚህ ዋጋ የለውም።

ለጋ እጭን በዝርያ መሰየም። እጩ አምስት ደረጃ ያልፋል፤ የመለያ መጻሕፍቱ በአብዛኛው የተጻፉት ለአምስተኛው ነው። ለትንሹ «ድሩሱስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ሐቀኝነት ነው።

አልኮሉን አለመቀየር። ቅርጹን ለማየት ከ70–80፣ ለዲኤንኤ ከ95–96 በመቶ ኢታኖል ይጠቀሙ። ሰውነቱም ቤቱም ውኃ ስለያዙ አልኮሉ ይቀጥናል፣ ናሙናውም ይበሰብሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ይቀይሩት። የስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ስለሚለቅ መለያ ወረቀቱን በእርሳስ ጽፈው ጠርሙሱ ውስጥ ያስገቡት። የተራራውን ስምና ከፍታውን አይዝለሉ፦ የተለያዩ ተራሮች ነዋሪዎች በዘር ውርሳቸው በጣም ይለያያሉ።

የፑፓውን (በእጭና በአዋቂ መካከል ያለው ደረጃ) ባዶ ቤት መጣል። የዝርያው አስተማማኝ ማረጋገጫ የአዋቂው ወንድ የመራቢያ አካል ነው፤ የሆዱን ጫፍ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አጥርተው፣ አጥበው በግሊሰሪን ያዩታል። ለመውጣት የደረሰ ወንድ ፑፓ ካገኙ የመራቢያ አካሉ ከውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ እጩ የጣለው ቅርፊትም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቤት የኋላ ጫፍ ተጨምቆ ይገኛል። እጭና አዋቂን በአንድ ናሙና የሚያገናኘው ይህ ስለሆነ ቤቱን በወረንጦ ከፍተው እስከ ጫፉ ይፈትሹት፣ ቅርፊቱንም ከፑፓው ጋር በአንድ ጠርሙስ ያስቀምጡ።