በአቫታር ኢንተርቪው ለተጠራችሁ
ሐዋሳ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ከተማ ላለ ቀጣሪ ኢንተርቪው የምትገቡ፣ ስሙኝማ። አንዳንዱ በዙም ፈንታ እንደ ጋዘር (Gather) ባለ ምናባዊ ቢሮ ይጠራችኋል፤ እዚያ የምትንቀሳቀሱት እናንተን በሚወክል የስክሪን ምስል፣ በአቫታር ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሰከንድ ላይፍ የሚባል የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም ውስጥም ኩባንያዎች ይሰበሰቡ፣ ሠራተኛ ይመለምሉ ነበር።

ጋዘር ላይ ድምፅ በቅርበት ነው የሚሰማው። አቫታራችሁን ጠያቂው አጠገብ ካላደረሳችሁ በር ላይ ቆሞ "ሄሎ፣ ሄሎ" ማለት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሊንኩን ቀደም ብላችሁ ክፈቱና በቀስት ቁልፎቹ መራመድ ተለማመዱ። ማይኩን ብሮውዘሩ ላይ ፍቀዱ። ኢርፎን ግድ ነው። ስለ አቫታሩ ልብስ አትጨነቁ፤ ስማችሁን ግን በትክክል ጻፉ፣ "ቤቢ" ምናምን ይቅር! መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢሠራም ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋልና ስልካችሁ ላይ ዳታ ሞልታችሁ ሆትስፖት አዘጋጁ። የጠያቂውንም ስልክ ቁጥር ያዙ።