«በመጣሁ ነበር» በፈረንሳይኛ እንዴት ይባላል?

አዳማ ውስጥ ፈረንሳይኛ የማስጠናው አንድ ትራንዚተር ባለፈው ስልኩን አውጥቶ ጅቡቲ ላለ ወኪል የላከውን መልእክት አሳየኝ። ማለት የፈለገው «ሰነዱን ትናንት ብትልኩልን ኖሮ መኪናው ይሄድ ነበር» ነው። የጻፈው ግን «ለ ካሚዮን ፓርቴ ኢዬር» የሚል ብቻ ነበር። ወኪሉ ወዲያው «በስንት ሰዓት?» ብሎ መለሰለት። መኪናው ትናንት ሲነሳ ነበር ብሎ ተረድቶታል። ተሳቢው ግን ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት አዳማ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። «ነበር» የምትለው ቃላችን ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ነው የተሳሳተው። «ልጅ ሳለሁ እዚህ እመጣ ነበር» ስንል በእርግጥ መጥተናል፤ ልማዳችን ነበር። «ብትደውልልኝ ኖሮ እመጣ ነበር» ስንል ግን አልመጣንም። ፈረንሳይኛ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቃል አያልፋቸውም። የመጀመሪያው አንፓርፌ ነው፣ «ዠ ቨኔ»። ሁለተኛው ኮንዲሲዮኔል ፓሴ ነው፣ «ዠ ሰሬ ቨንዩ»። ሊሆን ሲችል ሳይሆን የቀረ ነገር የሚነገረው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አጻጻፉ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለችው ለገሃር ስሟን ያገኘችው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የጅቡቲው መስመር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉም አብሮ ገባ፤ ሰዎቻችን በጆሯቸው እንደሰሙት ያዙት። እኔም እዚህ እንደዚያው ድምፁን በፊደላችን እጽፋለሁ። «ዩ» ብዬ የምጽፈውን ድምፅ ለማውጣት ከንፈራችሁን «ኡ» እንደምትሉ አሹላችሁ «ኢ» በሉ። «ትዩ» (አንተ) እና «ቨንዩ» (የመጣ) ላይ ያለው ድምፅ ይኸው ነው።

መጀመሪያ፣ ዐረፍተ ነገራችሁን በአማርኛ ፈትኑት

«እመጣ ነበር» የሚለውን አንስታችሁ በቦታው «በመጣሁ ነበር» አስገቡ። ትርጉሙ ካልተናጋ ኮንዲሲዮኔል ውስጥ ናችሁ። «ብትደውልልኝ ኖሮ በመጣሁ ነበር» ያለ ችግር ይሄዳል። «ልጅ ሳለሁ በየቀኑ እዚህ በመጣሁ ነበር» ግን ጆሮ አይቀበለውም፤ ስለዚህ ያ አንፓርፌ ነው። የትራንዚተሩን ዐረፍተ ነገር በዚህ ብንፈትነው «መኪናው ትናንት በሄደ ነበር» ይላል፣ ፍጹም ትክክል። ይህ «በ…ነበር» የሚለው አባባል በየቀኑ ንግግራችን እየሳሳ መሄዱ ያሳዝነኛል፤ ፈረንሳይኛ የሚጠይቀንን ልዩነት አጥርቶ የሚያሳየን እሱ ነውና።

ከዚያ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ነገሩ አልፏል ወይስ አሁንም በር አለው? «ጊዜ ቢኖረኝ እመጣ ነበር» ብላችሁ የምታወሩት ስለ ዛሬ ማታ ከሆነ «ዠ ቪያንድሬ» ይበቃል፤ ያ የአሁኑ ኮንዲሲዮኔል ነው። ቀኑ ካለፈ ብቻ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ቀጥሎ፣ ረዳት ግሱን አቁሙ

ረዳት ግሶቹ «አቯር» («አለኝ» የሚባልበት ግስ) እና «ኤትር» (መሆን) ናቸው። ሁለቱም በአሁኑ ኮንዲሲዮኔል ይረባሉ።

አቯር፦ ዦሬ፣ ትዩ ኦሬ፣ ኢል ኦሬ፣ ኑ ዞሪዮን፣ ቩ ዞሪዬ፣ ኢል ዞሬ።
ኤትር፦ ዠ ሰሬ፣ ትዩ ሰሬ፣ ኢል ሰሬ፣ ኑ ሰሪዮን፣ ቩ ሰሪዬ፣ ኢል ሰሬ።

በጆሮ አብዛኞቹ «ሬ» ብለው ያልቃሉ። በጽሑፍ ግን መጨረሻቸው ይለያያል፤ «ዠ» እና «ትዩ» በኤስ፣ ነጠላው «ኢል» በቲ፣ የብዙ ቁጥሩ «ኢል» በኢ-ኤን-ቲ ይጨርሳሉ። እነዚህ ፊደላት ስለማይነበቡ ደብተር ላይ ደጋግሞ መጻፍ ግድ ነው።

ከዚያ የዋናው ግስ ፓርቲሲፕ ፓሴ፣ ማለትም እንደ «ቨንዩ» (የመጣ) ያለው ቅርጹ፣ ይከተላል። ፓሴ ኮምፖዜ (የተለመደውን ያለፈ ጊዜ) የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ «ፓርሌ» በድምፅ እዚያው «ፓርሌ» ይሆናል፣ «ፊኒር» «ፊኒ»፣ «ቫንድር» «ቫንድዩ»። አፈንጋጮቹን በቃል ያዙ፦ «ፌር» «ፌ»፣ «ፕራንድር» «ፕሪ»፣ «ቯር» «ቭዩ»፣ «ደቯር» «ድዩ»፣ «ፑቯር» «ፕዩ»።

አቯር ወይስ ኤትር?

ተማሪዎቼ ብዙ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ብዙ የምቆየው እዚሁ ነው። አብዛኛው ግስ ከአቯር ጋር ይሄዳል። ኤትርን የሚወስዱት በዋናነት የመሄድና የመምጣት ግሶች ናቸው፦ አሌ፣ ቨኒር፣ አሪቬ፣ ፓርቲር፣ አንትሬ፣ ሶርቲር፣ ሞንቴ፣ ዴሳንድር፣ ሬስቴ፣ ቶምቤ፣ ኔትር፣ ሙሪር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መወለድና መሞት ናቸው።

ከእነዚህ መካከል «ሶርቲር»፣ «ሞንቴ» እና «ዴሳንድር» ሁለት ፊት አላቸው። መጽሐፎች «ተሳቢ ካለ አቯር፣ ከሌለ ኤትር» ብለው ያልፉታል። የእኛ ቋንቋ ግን ልዩነቱን በግሱ አካል ላይ ያሳየናል። «ወረደ» ካልን ኤትር፣ «አወረደ» ካልን አቯር። «ከባጃጁ በወረድኩ ነበር» ማለት «ዠ ሰሬ ዴሳንድዩ ድዩ ባጃጅ» ነው። «ሻንጣውን ባወረድኩ ነበር» ግን «ዦሬ ዴሳንድዩ ላ ቫሊዝ» ይሆናል። «ወጣ» እና «አወጣ»ም እንደዚሁ ናቸው።

ራስን በሚመልሱት ግሶችም ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ። «ታጠበ» ላይ ያለችው «ተ» ኤትርን ትጠራለች፤ «በታጠብኩ ነበር» «ዠ መ ሰሬ ላቬ» ነው። «መኪናውን ባጠብኩ ነበር» ግን «ዦሬ ላቬ ላ ቯትዩር»። ይህን መንገድ ከዝርዝሩ ውጭ ላሉ ግሶች አትዘርጉት። በእግር መሄድ፣ «ማርሼ»፣ የመሄድ ግስ ቢመስልም አቯርን ነው የሚወስደው።

ኤትር ሲገባ ፓርቲሲፑ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። ሴት ከሆነች ኢ ይጨመራል፣ ብዙ ከሆኑ ኤስ። «ፓርቲ» ላይ ይህ አይሰማም። «ሞር» (የሞተ) ግን ለሴት «ሞርት» ይሆናል፣ በጆሮም ይለያል።

«ኖሮ»ን ለ«ሲ» ስጡ

«ቢ…ኖሮ» ያለው ወገን በፈረንሳይኛ «ሲ» እና ፕልዩስ ከ ፓርፌ ይወስዳል፤ ማለትም ረዳት ግሱ በአንፓርፌ (ዣቬ፣ ዤቴ) ይቆምና ፓርቲሲፑ ይከተላል። «በ…ነበር» ያለው ወገን ደግሞ ኮንዲሲዮኔል ፓሴን ይወስዳል። ስለዚህ «ብትደውልልኝ ኖሮ በመጣሁ ነበር» እንዲህ ይሆናል፦

«ሲ ትዩ ማቬ አፕሌ፣ ዠ ሰሬ ቨንዩ።»

ሁለቱን ወገኖች ብትገለብጧቸውም ችግር የለም፤ ፈረንሳይኛ «በመጣሁ ነበር»ን አስቀድሞ «ሲ»ን ማስከተል ይፈቅዳል። የማይፈቅደው ከዚህ «ሲ» ጋር በአንድ ወገን «ሬ» ማስገባትን ነው። «ሲ ትዩ ኦሬ» ብሎ የጀመረ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ገና ሳይጨርስ ነው የማስቆመው።

ለአሉታ «ነ» እና «ፓ» ረዳት ግሱን ያቅፉታል፦ «ዠ ነ ሰሬ ፓ ቨንዩ»፣ ባልመጣሁ ነበር። ውጤቱ እስከ ዛሬ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ በ«ሬ» ወገን የአሁኑ ኮንዲሲዮኔል ይገባል፤ «ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሐኪም እሆን ነበር» ስንል «ዠ ሰሬ ሜድሳን» ብቻ ይበቃል።

ያለ «ሲ» ሲመጣ

በጸጸት «ዦሬ ድዩ» ይባላል። «ዦሬ ድዩ ፓርቲር ኢዬር» ማለት ትናንት መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም። «ነበረብኝ»ም እንደ «ነበር» ሁለት ፊት አለው። መሄድ ግድ ሆኖብኝ ሄጄ ከሆነ «ዤ ድዩ ፓርቲር» ነው የሚባለው። በአንዲት «ኦሬ» መኖርና አለመኖር ሰውየው ሄዷል ወይም ቀርቷል። በወቀሳ ደግሞ «ትዩ ኦሬ ፕዩ መ ለ ዲር» ይባላል፣ ምናለ ብትነግረኝ እንደማለት ነው።

በዜና ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። «ሰሎን ላ ራዲዮ፣ ለ ትራን ኦሬ ዴራዬ» የሚለውን «ባቡሩ ሐዲዱን ይስት ነበር» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ዜናውን ገለበጣችሁት። ጋዜጠኛው የሚለው «ሬዲዮው እንዳለው ባቡሩ ሐዲዱን ስቷል ተብሏል፣ ግን አልተረጋገጠም» ነው። እዚህ «ነበር» የለም፤ የእኛ «ተብሏል» ነው ቦታውን የሚይዘው። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋ ከሆኑባት ጅቡቲ ጋር የሚጻጻፍ ሰው ስለ ወደብ ወይም ስለ መንገድ መዘጋት ሲያነብ ይህችን «ኦሬ» ልብ ይበል፤ ያልተረጋገጠ ወሬ ይዞ መኪና እንዳያቆም።

ትራንዚተሩና እኔ መልእክቱን አብረን አስተካከልን። መጀመሪያ የጻፈው «ሲ ቩ ዛቪዬ አንቯዬ ለ ዶክዩማን ኢዬር፣ ለ ካሚዮን ሰሬ ፓርቲ» ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ግን ጣት ይቀስራል፤ ወኪሉን ደግሞ ነገም ይፈልገዋል። «እናንተ»ን የሚያስቀር አነጋገር አለ አልኩት፦ «ኢል ኦሬ ፋልዩ አንቯዬ ለ ዶክዩማን ኢዬር»፣ ሰነዱ ትናንት መላክ ነበረበት። ማን ይላከው አይልም። ይህንን መርጦ ላከው።